ትራሱ ላይ ደም አየሁ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ7 ዓመት ልጄ ቶንሲሉን ኦፕራሲዮን በሆነ በ6ኛው ቀን ሌሊት ትራሱ ላይ ደም አየሁ። ቀዝቃዛ ውኃ ስሰጠው ቆመ። ጠዋት ደህና ስለነበር ሐኪም ቤት ሳልወስደው ቀረሁ። አማቴም ጉሮሮው እንዲሽር ፌጦ ስጪው ብለውኝ ነበር። አሁን ደግሞ ታናሽ እህቱ በሚመጣው ወር ለዚሁ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አላት። አጥፍቼ ነበር? ለሷስ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ እንኳን ተረፈልሽ። ግን አዎ፣ በዚያው ሌሊት መውሰድ ነበረብሽ። ትንሽ ደም አንዳንዴ የትልቁ መልእክተኛ ነው።

ቶንሲሉ የወጣበት ቦታ ነጭ ሽፋን ይለብሳል። መግል እየመሰላቸው በጨርቅ የሚጠርጉ እናቶች አይቻለሁ፤ እባክሽ እንዳትነኪው። ብዙውን ጊዜ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ያ ሽፋን ሲረግፍ ሥሩ ያለው ቁስል ሊደማ ይችላል። የልጅሽም ቀን እዚያው ላይ ነው የዋለው።

በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ስሠራ ከደንቢያ በኩል የመጣ ልጅ አልረሳም። እናቱ «ሌሊቱን ሙሉ ሲውጥ ሲውጥ አደረ፣ ጠምቶት መስሎኝ» አለችኝ። ወዲያው ሳፋው ላይ አስታወከ። የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ደም! ሲውጠው ያደረው ደሙን ነበር። እጁ በረዶ ሆኗል። ግሉኮስ ተከልንለት፣ ደም አዘጋጀን፣ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባና የሚደማው የደም ሥር ተቋጠረ። ዳነ። ስለዚህ ልጅሽ ተኝታ ደጋግማ ስትውጥ ካየሽ ቀስቅሻትና በባትሪ አፏን እዪ።

ቀይ ደም ካየሽ ቁጭ አድርጊያት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ትበል። አትዋጠው፣ ሳህን ላይ ትትፋው፤ መጠኑም ይታያል። በጀርባዋ አታስተኚያት። ማደንዘዣ ሊያስፈልጋት ስለሚችል ምግብ አትስጫት። ደሙ ቢቆምም ሂጂ። ሐኪሙ የረጋውን ደም አጽድቶ ያያል፤ ቆሞ ከሆነም አስተኝተው ይከታተሏታል።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ደግሞ፣ ነስር የሚያስቸግራት ከሆነ፣ ጥርሷ ሲነቀል ደሙ እምቢ ብሎ ከነበረ፣ ወንድሟ ሲገረዝም ብዙ ደምቶ ከነበረ፣ ሁሉንም ለሐኪሙ ንገሪው።

ፌጦውን ተዪው። ያቃጥላል። አማትሽን በአክብሮት አስረጃቸው፤ እሳቸውም ለልጁ አዝነው ነው። ቆሎም ይቅር፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ይሻላል። ማስታገሻውን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ስጫት፤ ያመማት ልጅ ውኃ አትጠጣም፣ ጉሮሮዋም ይደርቃል። አስፕሪን ግን በፍጹም።

ለ2 ሳምንት ገጠር ይዘሻት አትውጪ። ሌሊት ባጃጅ እንደልብ ስለማይገኝ የአንድ የሰፈርሽ ሾፌር ስልክ ከአሁኑ ያዢ፤ ለምን እንደፈለግሽውም ንገሪው።