መልስ፦ እናቴ ቪዲዮ አይችሉም፣ በስልክ ብቻ ቢታከሙ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ይከፍላል?

ይከፍላል። ሐኪሙ በቪዲዮ ማየት እየቻለ እናትሽ ቪዲዮ ካልቻሉ ወይም ካልፈለጉ፣ ቤታቸው ሆነው በድምፅ ብቻ መታከም ይፈቀድላቸዋል። ቀጠሮ ስትይዢ "ቪዲዮ አይችሉም፣ በስልክ ይሁንልን" በይና መዝገባቸው ላይ እንዲሰፍር አድርጊ። በሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል መድን ድርጅት በኩል በሚሰጠው ሜዲኬር) ከሆኑ ግን መጀመሪያ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውለሽ ጠይቂ።

"ገጠር ስለሆኑ ይቋረጥባቸዋል ወይ?" ላልሽው፣ እንደ ሕክምናው ይለያያል። የአእምሮ ጤና ሕክምናን ከቤት መከታተል በሕግ ቋሚ ሆኗል። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ግን ኮንግረስ በየጊዜው በሚያራዝመው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፈቃዱ ከሌለ የምንመለሰው ከ2020 በፊት ወደነበረው ደንብ ነው። ያ ደንብ የገጠር ታካሚንም ቢሆን ክሊኒክ ድረስ ሄዶ እዚያ ስክሪን ፊት እንዲቀመጥ ያስገድድ ነበር። መንዳት ላቆሙ እናት ይሄ ምን ይረባል?

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ኦክቶበር 1 ቀን 2025 ፈቃዱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። የማውቃቸው አንድ አባት ቀጠሯቸው መሰረዙን የሰሙት መድኃኒታቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ ስልኩን ይዘው ሲጠብቁ ነው። ስለዚህ ቀኑ ሳይደርስ ደውለሽ "የዚያን ቀን ሜዲኬር ይከፍላል ወይስ እኛ?" በይ። "ካልተከፈለ እከፍላለሁ" የሚል ፎርም ካመጡ፣ ዋጋውን ሳያዩ እንዳይፈርሙ።

ለኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮም ደውይ። ቋሚ ይሁን በያቸው፣ የእናትሽን ሁኔታም ንገሪያቸው። እባክሽ ይሄን አትተዪው።