በቡና ቅጠል ዋግ ላይ የወጣው ነጭ ሻጋታ

ከጅማ ዞን ጎማ ወረዳ የጻፉልኝ ቡና አምራች ጥያቄያቸው ይህ ነው፦ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ባለው ቡናቸው ላይ የቅጠል ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ አለ፤ በቅጠሉ ጀርባ ባለው ብርቱካናማ ዱቄት ላይ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቶበታል። ጎረቤታቸው «አዲስ በሽታ ነው» ብለው ከገበያ የገዙትን ሰማያዊ ዱቄት በጥብጠው ሁለት ረድፍ ረጭተውላቸዋል፤ ነጩ ቀንሷል፣ ዋጉ ግን እንዳለ ነው። ቀሪውን ልርጨው ወይ?

አይርጩት። ነጩ ቡናውን የያዘ በሽታ ሳይሆን ዋጉን የሚበላ ሌላ ፈንገስ ይመስለኛል። እንዲህ ያሰኘኝ በዋጉ ነቁጥ ላይ ብቻ መውጣቱ፣ ንጹሑን አረንጓዴ ክፍል አለመንካቱና ጥላና እርጥበት ባለበት መታየቱ ነው። የጎረቤትዎ ዱቄት የመዳብ መድኃኒት ከሆነ፣ መዳብ የዋጉ ብናኝ (የሚራባበት ዱቄት) በቅጠል ላይ እንዳይበቅል ይከላከላል እንጂ ውስጥ የገባውን አያድንም፤ ስለዚህ ረዳትዎን አዳክሞ ጠላትዎን ትቶት ሄዷል ማለት ነው። የመለያ ጽሑፍ የሌለው ዱቄት ግን መዳብ ይሁን ሌላ ማንም አያውቅም። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳያደርጉ አይንኩት፤ የተበጠበጠበትንም ጀሪካን በምንም ምክንያት ለመጠጥ ውሃ አይጠቀሙበት።

አሁን እናረጋግጥ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የመስታወት የእጅ ሌንስ ያስፈልግዎታል። «ስልሳ እጥፍ» ተብሎ የሚሸጠው ባለ መብራት ፕላስቲክ ሌንስ የነገሩን ጠርዝ በቀስተ ደመና ቀለም ስለሚያጥረው ነጩን ከብርቱካናማው ለመለየት አይረባም። ነጭ የወጣበትን፣ ዋግ ብቻ ያለበትንና ጤነኛውን ቅጠል ለየብቻው እርጥብ ሶፍት በተነጠፈበት ክዳን ባለው ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርገው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በክፍል ሙቀት ያቆዩ። ነጩ ከዋጉ ነቁጥ መሃል ወይም ዳር ተነሥቶ እንደ ቀለበት ከከበበው ግምቴ ይጠነክራል፤ በጤነኛውም ቅጠል ላይ እኩል ከወጣ ተራ ሻጋታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር ስላለ ረዘም አድርጌ ልናገር። ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ገዳይ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በፈንገስ ላይ የተገኘ ፈንገስም ሁሉ በላተኛ አይደለም። አንዳንዱ የሞተውን ቅሪት ብቻ ይለቅማል። አንዳንዱ የሚኖርበትን ሕያው ፈንገስ ሳይገድል ከሕዋሱ ይመገባል። ሌላው ደግሞ፣ ለምሳሌ ትራይኮደርማ፣ በሌላው ፈንገስ ክር ላይ ይጠመጠምና ግድግዳውን በኢንዛይም እያቀለጠ ገድሎ ይበላዋል። የፈንገስ ግድግዳ ቺቲን የሚባል ጠንካራ ንጥረ ነገር አለበት፤ የአጥቂውም ግድግዳ እንደዚያው ነው። የራሱን ቤት ሳያፈርስ የጎረቤቱን የሚያፈርስበት ብልሃት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። እንግዲህ ሦስቱን ለመለየት ነጩን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ሥሩ ያለውን የዋጉን ብናኝ ማየት ያስፈልጋል። ጤነኛ የዋግ ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የኩላሊት ቅርጽ አለው፤ ጀርባው እሾሃማ፣ ሆዱ ለስላሳ ነው። የተበላው ግን ተጨማዶና ባዶ ሆኖ ይገኛል። ነጩ ባለበት ቦታ የተጨማደደው ከሌላው ቦታ በግልጽ ከበዛ፣ በላተኛ ነው ለማለት ደፍሬ እስማማለሁ።

ለማይክሮስኮፑ ንጹሕ ስኮች ነጩ ላይ በቀስታ አሳርፈው አንሥተው በስላይድ ላይ ይለጥፉ። በምላጭ መፋቅ ሁሉንም ያደባልቃል። በነጩ ክር ዙሪያ መርፌ የመሰሉ ጫፎች ተደርድረው፣ ጫፋቸው ላይ ከዋጉ ብናኝ በብዙ ያነሱ ሞላላ ብናኞች በሚያጣብቅ ኳስ ውስጥ ከታዩ፣ በቡና ዋግ ላይ የታወቀው ነጩ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ማጭድ መሰልና ባለ ብዙ ክፍልፋይ ብናኝ ካዩ ፉዛሪየም፣ የወይራ ቀለም ያለው ሰንሰለት ካዩ ክላዶስፖሪየም፣ አረንጓዴ ከሆነ ምናልባት ትራይኮደርማ ብለው ይጠርጥሩ። በነጩ ፈንገስ ስም አይጨነቁ፤ የድሮ ጽሑፎች ቬርቲሲሊየም ሌካኒ ይሉታል፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ወደ ሌካኒሲሊየም ተዛወረ፣ ዛሬ ደግሞ ብዙዎች አካንቶማይሴስ ውስጥ ያስቀምጡታል። ይኸው ፈንገስ በቡና ላይ የሚኖሩትን ቅርፊት መሰል ተባዮችም ስለሚይዝ የግንዱንና የቅጠሉን ጀርባ አብረው ይፈትሹ። ዝርያውን በእርግጠኝነት ለመናገር የዘረመል ምርመራ ግድ ነው።

ነጩ ብዙ ጊዜ ዋጉ ከበዛ በኋላ ስለሚመጣ ብቻውን ያድነኛል ብለው አይተማመኑበት። ጥላውን ባንዴ አይመንጥሩ፤ የተጣበቁትን ቅርንጫፎች ብቻ አሳስተው አየር ያስገቡ፤ የተረጩትንና ያልተረጩትን ረድፎች ምልክት አድርገው እስከሚቀጥለው ወር ያወዳድሩ። ናሙና መልኮ ለሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ለማሳየት ካሰቡ ቅጠሉን በወረቀት ፖስታ እንጂ በፌስታል አያሽጉት፤ ፌስታል ውስጥ ያልበውና የራሱን ሻጋታ ያወጣል፣ ያንን ሲመረምሩ ይዋላል። ፖስታው ላይ ቀኑንና የተወሰደበትን ረድፍ ይጻፉ፤ መረጨቱንም አይደብቁ። ያቺን ጀሪካን ደግሞ ልጆች አንሥተው ውሃ ሳይቀዱባት ዛሬውኑ በስተው ያስወግዷት።