ሶፍትዌሩ 24 ደቂቃ አለ፣ ታንኩ አንድ ሰዓት ፈጀ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ኮቺ ፈሳሽ ሳሙና እሠራለሁ። 200 ሊትር የምትይዝ ባለ ጃኬት ታንክ (ግድግዳዋ ድርብ የሆነ) በያጅ ጋ አሠርቻለሁ። ከትንሽ ቦይለር የሚመጣው እንፋሎት ጃኬቱ ውስጥ ዞሮ በክፍት ቱቦ ይወጣል። የሳሙናውን ሊጥ በውሃ የማሟሟው እዚያ ነው። ጓደኛዬ ዲደብልዩሲም (DWSIM) በሚባለው የኬሚካል ፋብሪካ ሥራ የሚያሰላ ነፃ ሶፍትዌር ሲያሰላው ከ20 ወደ 80 ዲግሪ በ24 ደቂቃ ይደርሳል አለ። በተግባር 58 ደቂቃ ፈጀ። ሽቶ ለመጨመር 25 ዲግሪ ድረስ ማቀዝቀዙማ አይነሳ! የዋሸኝ ሶፍትዌሩ ነው ወይስ በያጁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በያጁን ለጊዜው ተወው። ሶፍትዌሩም አልዋሸም። የሰጣችሁትን ነው መልሶ የሰጣችሁ።

የላክልኝን ወረቀት አየሁት። ግፊቱ 101.325 ኪሎፓስካል ይላል። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ራሱ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው፣ ጓደኛህም አልነካውም። ይህ የባሕር ዳርቻ ግፊት ነው። (ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፣ እሷም ከፍታ ላይ ናት።) ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ግፊቱ 82 ገደማ ነው። ውሃም 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቱቦህ ክፍት እስከሆነ ድረስ ጃኬቱ ከዚያ አያልፍም። ይህን ብቻ ስታስተካክል 24ቱ ደቂቃ 29 ይሆናል። ታዲያ ቱቦውን ልድፈነውና ግፊት ላብዛ እንዳትል አደራ! ለግፊት ያልተሠራ፣ ሴፍቲ ቫልቭ የሌለው ጃኬት ቦምብ ነው።

የቀረው ግማሽ ሰዓት ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። ሙቀት በታንኩ ግድግዳ የሚያልፍበትን ቁጥር 500 ዋት በካሬ ሜትር በዲግሪ ብላችኋል። በደንብ ለሚማሰል ቀጭን ፈሳሽ ያስኬዳል። ያንተ ሊጥ ግን ገንፎ ነው። መሃሉን ብቻ ስታማስል ግድግዳው ላይ የተጋገረው ሳሙና እንደ ጋቢ ሙቀቱን ይከለክላል። የታንክህን 1.6 ካሬ ሜትር ይዤ ከ58ቱ ደቂቃ ወደ ኋላ ሳሰላ 250 ገደማ አገኘሁ። እኩሌታው ማለት ነው።

ማቀዝቀዙን በዚሁ ቁጥር፣ ጃኬቱ ውስጥ የሚዞረውን የቧንቧ ውሃ 20 ዲግሪ አድርጌ ሠራሁት። ከ80 ወደ 35 ለመውረድ 48 ደቂቃ። ወደ 30፣ 62። ወደ 25 ደግሞ 86! የመጨረሻዋ አምስት ዲግሪ ብቻዋን 24 ደቂቃ ትበላለች፣ ምክንያቱም ሳሙናው ወደ ውሃው ሙቀት በተጠጋ ቁጥር የሚገፋው ልዩነት ያልቃል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይወፍራል፣ ስለዚህ እውነቱ ከዚህም ይብሳል። እኔ ብሆን ሽቶውን 35 ላይ ጨምሬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ታንኩን ላሳድግ እያሰብክ ከሆነ የኔን ጉድ ስማ። በወጣትነቴ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የታንክ ቁመትና ስፋት በእጥፍ አሳደግን። ይዘቱ ስምንት እጥፍ ሆነ፣ ግድግዳው ግን አራት እጥፍ ብቻ። ማሞቂያው ሰዓት እጥፍ ሆነና የሌሊት ፈረቃው እስኪነጋ ሲረግመኝ አደረ። ትልቅ ጀበና ቶሎ እንደማይፈላ እናቴ ታውቅ ነበር፣ እኔ ኢንጂነሩ ረሳሁት።

አሁን ከመጽሐፍ የተቀዳውን ቁጥር ተውና የራስህን ፈልግ። ታንኩን ንጹህ ውሃ ሙላ፣ እያማሰልክ በየአምስት ደቂቃው ሙቀቱን ጻፍ። ኤክሴል ላይ ከ94 ሙቀቱን ቀንስና የውጤቱን ኤልኤን (LN የሚለውን የሎጋሪዝም ቀመር) ውሰድ፣ ከሰዓቱ ጋር በግራፍ አውጣው። ቀጥ ያለ መስመር ከወጣ ቁልቁለቱን በሴኮንድ ለክተህ በ200 ኪሎና በ4,180 (አንድ ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ጁል) አባዛው፣ ለግድግዳው 1.6 ካሬ ሜትር አካፍለው። የግድግዳህ ቁጥር እሱ ነው። ከዚያ በሳሙና ድገመው።

በውሃ 500 አካባቢ፣ በሳሙና 250 ካገኘህ ገንዘብህን ግድግዳውን የሚጠርግ ማማሰያ ላይ አውጣ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ከታጠፈና ከክፍቱ ቱቦ እንፋሎት ካልወጣ፣ ቦይለርህ አቅም አንሶታል። ሲጀምር 30 ኪሎዋት ገደማ ነው የሚፈልገው፣ በውሃ 500 ከሆነ ደግሞ እጥፉን። እንፋሎቱ እየወጣ በውሃም 250 ከሆነ ግን ጃኬቱ ውስጥ አየር ወይም ውሃ ታስሯል። ያኔ ወደ በያጁ አብረን እንሄዳለን።