ፈርን የሚመስለው ጥቁር ምስል ቅጠል ነው ወይስ ማዕድን?

ጥያቄ፦ አመድማ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስሰነጥቅ በመካከሉ ፈርን (አበባና ዘር የሌለው፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ ተክል) የሚመስል፣ ቀጫጭን ጥቁር ቅርንጫፎች ያሉት ምስል አገኘሁ። የዕፅዋት ቅሪተ አካል መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ከገለጻዎ ተነስቼ ስገምት ያገኙት ዴንድራይት የሚባለው የማዕድን ምስል ይመስለኛል። ማንጋኒዝና ብረት የሟሙበት ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ሲገባ ኦክሳይዶቻቸው (ከኦክስጅን ጋር የፈጠሯቸው ውሁዶች) እየቀሩ ቅርንጫፍ መሰል ቅርጽ ይሠራሉ፤ ይህን የምነግራቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቅር ይላቸዋል፣ ምስሉ ከብዙ እውነተኛ ቅጠሎች ይልቅ ያምራልና።

ብርሃን ከጎን እያበሩ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይመልከቱትና ቅርንጫፉ ከየት እንደሚነሣ ይፈልጉ። ዴንድራይት አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋዩ ጠርዝ ወይም ከአንድ የስንጥቅ መስመር ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይሰራጫል፤ ከዚያው መስመር ላይም ሌሎች ቁጥቋጦ መሰል ምስሎች ጎን ለጎን ይታያሉ። የፈርን ቅጠል ግን መካከለኛ ዘንግ አለው፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች ከዘንጉ ግራና ቀኝ በተመጣጠነ ርቀት ተደርድረው ወደ ጫፉ እያነሱ ይሄዳሉ፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥም ጅማቶች ይታያሉ። ዴንድራይት ጅማት የለውም። ምስሉ በሁለቱም የድንጋይ ግማሾች ላይ መገኘቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ዴንድራይትም በስንጥቁ ሁለት ገጾች ላይ ሊያርፍ ይችላልና።

ጥርጣሬው ካልለቀቀዎ በማይጠቅም ጥግ ላይ 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አንድ ጠብታ ያድርጉ። የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ካለ ወዲያው አረፋ ያወጣል። ኮምጣጤና ሌላ አሲድ ግን አይጠቀሙ፤ ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ከሆነ ራሱ ይፈላና ውጤቱን ያምታታብዎታል፣ ናሙናውንም ይበላዋል።

ጅማት ካገኙ ደግሞ የትንሹን ቅጠል መሠረት ያጥኑ። በሙሉ ስፋቱ ከዘንጉ የተጣበቀ ከሆነ ፔኮፕቴሪስ የሚባለውን ዓይነት ይመስላል፤ በአንድ ጠባብ ነጥብ ብቻ ከተያያዘ ወደ ኒውሮፕቴሪስ ያዘነብላል። እነዚህ ስሞች የቅጠል ቅርጽ መጠሪያዎች እንጂ የዘር ሐረግ ማረጋገጫ አይደሉም፤ ከ359 እስከ 299 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው የካርቦኒፌረስ ዘመን ፈርን የሚመስሉ ብዙ ቅጠሎች ዘር የሚያፈሩ የሌሎች ዕፅዋት ቅጠሎች ነበሩ። እውነተኛ ፈርን መሆኑን በእርግጠኝነት የሚናገሩት በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ላይ የስፖር (ፈርን በዘር ፈንታ የሚራባበት ደቃቅ ቅንጣት) ከረጢቶች ሲገኙ ነው።

ምስሉ ቅጠል ሆኖ ከተገኘ አይጠቡት፣ ቫርኒሽም አይቀቡት፤ ከቅጠሉ የቀረው የካርቦን ስስ ሽፋን በቀላሉ ይላጣል። ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሥተው፣ ድንጋዩ የተገኘበትን ቦታና ንብርብር ጽፈው፣ ሁለቱንም ግማሾች ለየብቻ በለስላሳ ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ።