መርዙ የገባው በጆሮ ነው፦ ስለ «ሐምሌት» ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄ፦ ጉቦ የበላ ሰው በሌለበት ተውኔት ስለ ሙስና ማውራት ይቻላል?

መልስ፦ ቃሉ የጥንት ትርጉሙን የሚያገኘው እዚህ ነው። በቤተ ክርስቲያን «ሙስና መቃብር» ሲባል መበስበስን፣ መፍረስን ይነግረናል። የሼክስፒር ተውኔት «ሐምሌት» የሚፈጸምባት ዴንማርክም የታመመችው በዚሁ ነው። በአገሪቱ የበሰበሰ ነገር እንዳለ በመጀመሪያው ገቢር የሚናገረው ብዙዎች እንደሚመስላቸው ልዑሉ ሐምሌት አይደለም፤ ማርሴለስ ነው። ሽታው ቀድሞ የደረሰው ሌሊቱን በብርድ ቆሞ ለሚያድር ጠባቂ ነው።

ጥያቄ፦ ገዳዩ መርዙን ለምን በጆሮ አደረገው? በምግብ አይቀልም ነበር?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድሁት። የሐምሌት አጎት ክላውዲየስ ንጉሡን ወንድሙን በአትክልት ስፍራ ተኝቶ አገኘውና መርዙን በጆሮው አንቆረቆረበት። ለሕዝቡ ደግሞ «እባብ ነደፈው» ተባለ። የሟቹ መንፈስም የመላው ዴንማርክ ጆሮ በዚህ ወሬ መታለሉን ለልጁ ይነግረዋል። እንግዲህ መርዙ ሁለት ጊዜ ፈስሷል፤ በንጉሡ ጆሮና በአገሩ ጆሮ። ከዚህ በኋላ ስታነብቡ ጆሮን ተከተሉ። የክላውዲየስ አማካሪ ፖሎኒየስ እኛ ጆሮ ጠቢ የምንለው ዓይነት ሰው ነው። ፓሪስ ባለው በገዛ ልጁ ላይ ሰላይ ይልካል፤ ትንሽ ውሸት ጥሎ እውነትን ማጥመድንም ያስተምረዋል። ሴት ልጁን ኦፌሊያን መጽሐፍ አስይዞ ሐምሌት በሚያልፍበት ያቆማታል። የሞተውም ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ሲያዳምጥ ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተርጉሞታል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ክላውዲየስ ተጸጽቷል?

መልስ፦ ሞክሯል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። በሦስተኛው ገቢር ብቻውን ተንበርክኮ፣ የወንድሙን ዘውድና ሚስት እንደያዘ ይቅርታ ያገኝ እንደሆነ ራሱን ይጠይቃል። በዚህ ዓለም በወርቅ የተለበጠ እጅ ፍትሕን ገፍቶ እንደሚያልፍ፣ በሰማይ ግን እንደማይሆንለት ያውቃል። እያወቀ የወሰደውን አይመልስም። ሐምሌት ሰይፉን መዝዞ ከኋላው ቆሟል፤ ከልቡ የሚጸልይ፣ ቢገድለውም ነፍሱ የምትድን መስሎት ይተወዋል።

ጥያቄ፦ ሐምሌትስ ንጹሕ ነው?

መልስ፦ አይደለም። አብሮ አደጎቹ ሮዘንክራንትዝና ጊልደንስተርን ሞቱን የሚያዝዝ የክላውዲየስን ደብዳቤ ይዘው ወደ እንግሊዝ ሲወስዱት፣ ደብዳቤውን በሌሊት ሰርቆ በምትኩ የእነርሱን ሞት ጻፈ፤ በአባቱ ማኅተምም አተመው። በኋላ ሕሊናውን እንደማይከብደው ለወዳጁ ለሆራሺዮ ይነግረዋል። እኔን ግን ይከብደኛል። ሁለቱ ሰዎች በደብዳቤው ውስጥ ያለውን ያውቁ እንደነበር ተውኔቱ የትም ቦታ አልነገረንም።