ስፕራይት ወደ አድቬንቸር ጌም ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፣ ሥዕል እሥላለሁ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ አድቬንቸር ጌም (ታሪክ እየተከተሉ፣ እንቆቅልሽ እየፈቱ የሚጫወቱት ዓይነት) መሥራት ጀምረናል። ባለታሪኳ አያታችን ናት፤ የጠፋባትን መቁጠሪያ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ትዞራለች። እኔ እንደ ድሮው በስፕራይት፣ ማለትም ከጥቃቅን ነጥቦች በሚሠራ ጠፍጣፋ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ነጥብ በነጥብ ልሥላት እላለሁ። ወንድሜ ደግሞ «ያ ዘመን አልፏል፤ ስሪዲ (3D) ካልሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም» ይለኛል። ስፕራይት በእርግጥ ይመለሳል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ከተመለሰ እኮ ሰንብቷል! ወንድምሽ የሚለው ጊዜ ግን ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1998 «ግሪም ፋንዳንጎ»፣ በ2000 ደግሞ አራተኛው «መንኪ አይላንድ» በስሪዲ ሲወጡ ሁሉም በዚያው የሚቀር መስሎን ነበር። የ«ግሪም ፋንዳንጎ»ን ታሪክ ዛሬም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ማውሱን ከእጃችን ወሰዱት፤ ሰውየውን በኪቦርድ እንደ መኪና እየጠመዘዝን መንዳት ሆነ ሥራችን። አድቬንቸር ጌም ደግሞ ማየት ነው፤ «ያ መደርደሪያ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ መጠቆም ነው። በእጅ በተሣለ ክፍል ውስጥ ሠዓሊዋ ዓይኔን ወደ ፈለገችበት ትመራዋለች።

ከሁሉ የማደንቀውን ልንገርሽ። በ1987 ሮን ጊልበርትና ጌሪ ዊኒክ የተባሉ ጌም ሠሪዎች «ማኒያክ ማንሽን» የተባለውን አድቬንቸር ጌም ኮሞዶር 64 ለሚባለው የቤት ኮምፒውተር ሠሩ። ያ ኮምፒውተር ለአንድ ስፕራይት የሚሰጠው 24 ነጥብ ወርድና 21 ነጥብ ቁመት ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የሰው ፊት እንዴት ይለያል? ዊኒክ የባለታሪኮቹን ጭንቅላት ከሰውነታቸው ጋር በማይመጣጠን መጠን አተለቀው፤ ማን ማን እንደሆነ ከሩቅ ታወቀ። ችግሩ ራሱ መልክ ወለደ።

ዛሬ ያ ገደብ የለም፤ የአሁኑ ማሽን የፈለግሽውን ያህል ሥዕል ይሸከማል። ስለዚህ የተመለሰው መልኩ ነው፤ ያመጡትም መልኩን ወደው የመረጡት ሰዎች ናቸው። ክሪስ ጆንስ የጀመረው «አድቬንቸር ጌም ስቱዲዮ» የተባለ ነፃ ፕሮግራም አንድና ሁለት ሆነው ለሚሠሩ ሰዎች መንገድ ከፈተ። በ2014 ጊልበርትና ዊኒክ ራሳቸው በኪክስታርተር ከሕዝብ ከ600,000 ዶላር በላይ ሰብስበው፣ በ2017 «ቲምብልዊድ ፓርክ»ን አወጡ፤ በፒክሰል፣ ነጥብ በነጥብ ተሥሎ። ወንድምሽ ይህን አንድ ጌም እስከ መጨረሻው ይጫወትና ከዚያ እንደገና ተነጋገሩ።

አንቺም ብትሆኚ ግን ለትዝታ ብለሽ አትሣዪ። በ2022 ጊልበርት ራሱ ወደ ጀመረው «መንኪ አይላንድ» ሲመለስ ፒክሰልን ትቶ ሌላ ስልት መረጠ፤ አንዳንድ አፍቃሪዎቹ አምርረው ተቆጡት። ተሳስተዋል እላለሁ። ስፕራይት የሚያምረው ለታሪኩ ሲስማማ ነው። ላንቺ ታሪክ የሚስማማ ይመስለኛል፦ ሁለት ሰው፣ አንድ ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት። አያትሽን በስሪዲ ብትሠሯት እያንዳንዱን የፊቷን ሽብሽብ መሥራት ግድ ይላችኋል፤ በአሥራ አምስት ነጥብ ብትሥያት ግን ተጫዋቹ የራሱን አያት ያይባታል።

አሁን ወደ ሥራው። ስክሪኑን 320 በ180 ነጥብ አድርጊው፤ ስድስት እጥፍ ሲሆን 1920 በ1080 ላይ ልክ ይገጥማል፣ ነጥቦቹም አይበላሹም። ለእርምጃዋ ስምንት ሥዕል ይበቃል፤ በአራት አቅጣጫ 32 ይሆናል። ብዙዎች የቀኙን ገልብጠው ለግራ ይጠቀሙበትና 24 ያደርጉታል። እኔም የመጀመሪያዬን ጌም ስሠራ እንደዚያው አደረግሁ። ባለታሪኬ ፖስተኛ ነበር፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ በቀኝ ትከሻው የያዘው ቦርሳ፣ ወደ ግራ ሲዞር ግራ ትከሻው ላይ ይገኛል። ሳላየው ወራት አለፉ፤ ካየሁት በኋላ ግን ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ሣልኩት።

ያንቺ አያት ነጠላ ትለብሳለች። ጫፉን በግራ ትከሻዋ ጣል የምታደርገው ከሆነ፣ ወደየትም ብትዞር እዚያው መሆን አለበት። ስምንቱን ሥዕል አትቆጥቢ፤ 32ቱንም ሣዪ።