እናቴ 82 ዓመቷ ነው፤ ሆርሞን ልላክላት? ጥያቄና መልስ

ስለ ማረጥ ካወራን ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ የእናትና የአያት ሆኗል። ነርስ ነኝ፤ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሴት ስታርጥ ሆርሞኗ አለቀ ማለት ነው?

አያልቅም። ኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል የሚወጣበት አካል፣ ኢስትሮጅን የሚባለውን ዋናውን የሴት ሆርሞን ማምረት ያቆማል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ግን ጥሬ ዕቃ ይልካሉ፤ ስብ ያንን ተቀብሎ ደከም ወዳለ ኢስትሮጅን ይቀይረዋል። ቴስቶስተሮንም አላት። የወንድ ብቻ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ!

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ ዲኤችኢኤ የሚባል ክኒን ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ለ82 ዓመት እናቴ ልላክላት?

ተይው። ዲኤችኢኤ ከኩላሊት በላይ ካሉት ከእነዚያ ዕጢዎች የሚወጣ ሆርሞን ነው። በወጣትነት ጫፍ ይደርስና በእርጅና በጣም ያንሳል። «የጎደለውን ሙሉ» የሚለው ንግድ የመጣው ከዚህ ነው። ማዮ ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ ሆስፒታል አረጋውያን ላይ 2 ዓመት ሞክሮት በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ወጣ፤ ጉልበትም አልጨመረ፣ ኑሯቸውም አልተሻሻለ። ሰውነት ውስጥ ወደ ኢስትሮጅን ስለሚቀየር ደግሞ የጡት ካንሰር ለነበረባት ሴት አደጋ ሊሆን ይችላል። በገንዘቡ የማያንሸራትት ጫማ ግዢላት።

ጥያቄ፦ ኢስትሮጅን ራሱስ ዕድሜ ያረዝማል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሮ ሐኪሞችም እንደዚያ ያምኑ ነበር፤ ሆርሞን የሚወስዱት ሴቶች ልባቸው ደህና ነበራ። ግን ብዙዎቹ ቀድሞም ጤናቸው የተሻለ፣ ኑሯቸው የተደላደለ ነበሩ። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ዉሜንስ ሄልዝ ኢኒሺዬቲቭ በተባለው ጥናት ከ50 እስከ 79 ዓመት ያሉ ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ፤ ለገሚሱ ሆርሞን፣ ለገሚሱ ባዶ ክኒን። ኢስትሮጅን ከሌላ የሴት ሆርሞን ጋር አንድ ላይ የተሞከረበት ክፍል 16,608 ሴቶች ነበሩት። በ2002 እ.ኤ.አ. ሳያልቅ ተቋረጠ። የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት ጨምሮ ተገኘ። ከ65 በላይ በሆኑት ላይ የመርሳት በሽታም ጨመረ። የዳሌ ስብራት ግን ቀነሰ፤ ይህንንም መካድ አይገባም። ሴቶቹን 18 ዓመት ያህል ተከታትለው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲቆጥሩ፣ በአጠቃላይ ሞት ልዩነት አልነበረም። አላረዘመም፣ አላሳጠረም።

በ51 ዓመቷ ሙቀት እንቅልፍ ለነሳት ሴት ሂሳቡ ሌላ ነው። በ80 እንደ አዲስ መጀመር ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አያቴ በ43 ዓመቷ ወልዳ ይኸው 97 ሞላት። ዘግይቶ መውለድ ዕድሜ ይሰጣል?

ዕድሜዋን ያብዛላችሁ! ቦስተን ውስጥ የመቶ ዓመት አዛውንቶችን የሚያጠኑ ሰዎች በ1997 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ መቶ ከደረሱት ሴቶች መካከል ከ40 በኋላ የወለዱት ብዙ ሆነው ተገኙ። መውለዱ ግን ምልክት እንጂ መድኃኒት አይመስለኝም፤ ቀስ ብሎ የሚያረጅ ሰው ኦቫሪውም ቀስ ብሎ ያረጃል። 122 ዓመት የኖሩት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን እኮ አንድ ልጅ ብቻ ነው የወለዱት፤ ያውም በ22 ዓመታቸው።

ጥያቄ፦ እማማ ሽንት ያቃጥላቸዋል፤ ታክመው ይመለስባቸዋል። የሆርሞን ነገር ነው?

ሊሆን ይችላል። ኢስትሮጅን ሲቀንስ የብልት አካባቢ ይሳሳል፣ ይደርቃል፤ ኢንፌክሽንም ይደጋገማል። እዚያው የሚቀባ አነስተኛ መጠን ያለው የኢስትሮጅን ክሬም አለ፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ሽንታቸው ይመርመር፤ ክሬሙንም ሐኪም ይዘዘው። ልጅ ፊት ማውራት ስለሚያፍሩ፣ ምርመራ ክፍል ድረስ አድርሺያቸውና አንቺ ውጪላቸው።